«አቻ ነው የወጣነው»

ባለፈው ቅዳሜ ልጄ ከቼዝ ውድድር ሲመለስ በር ላይ ተቀብዬ «አሸነፍክ?» አልኩት። «አቻ ነው የወጣነው» አለኝ። «ይህን ሁሉ ሰዓት ቁጭ ብላችሁ አቻ?» ቃሉ ካፌ ከወጣ በኋላ ነው ፊቱን ያየሁት። ምንም ሳይመልስ ወደ አያቱ ክፍል ገባ።

እናቴ ቼዝ አታውቅም። «እስቲ አሳየኝ» አለችው። ሰሌዳውን አልጋዋ ላይ ዘርግቶ ጀመረ። ነጩ የንጉሡን ወታደር ሁለት ቤት ወደፊት ገፋ፤ ጥቁሩም እንዲሁ። ነጩ ፈረስ አወጣ፤ ጥቁሩም ፈረስ። «ታዲያ ይሄ ኩረጃ አይደለም?» አለች።

ልጄ ሳቀ። «ኩረጃ ብቻ ቢሆን ንግሥቴን እበላ ነበር፣ እማማ!» የፔትሮቭ መከላከያ የሚባል አጀማመር ነው። ጥቁሩ እንደ መስታወት ዝም ብሎ ከተከተለ፣ የነጩ ፈረስ ተነስቶ ከኋላው ያለችው ንግሥት «ኪሽ» ስትል፣ ያው ፈረስ የጥቁሩን ንግሥት ይይዛል። ስለዚህ መቼ መኮረጅ እንደሚቆም ማወቅ ያስፈልጋል።

እኔም በር ላይ ቆሜ ሰማሁ። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2018 ለንደን ላይ የኖርዌዩ ማግነስ ካርልሰንና የአሜሪካው ፋቢያኖ ካሩዋና ለዓለም ሻምፒዮንነት ሲገናኙ፣ በስድስተኛው ጨዋታ የተጀመረው በዚሁ መንገድ ነበር። የሁለቱም ፈረሶች አንዱ የሌላውን ንግሥት በሉ። ኋላ ላይ ካርልሰን በጠጠር አንሶ ተጨነቀ። ኮምፒውተር ለካሩዋና የማሸነፊያ መንገድ አግኝቶ ነበር፤ ለሰው ዓይን ግን እጅግ የራቀ ነበር። ከ80 እርምጃ በኋላ አቻ ተለያዩ። 12ቱም መደበኛ ጨዋታዎች በአቻ አለቁ፤ አሸናፊው የታወቀው በፈጣን ጨዋታ ነው፤ ካርልሰን 3 ለ 0 ረታ።

«አንተስ የት ላይ ጨነቀህ?» አለችው እናቴ። ልጄ አንዲት ወታደር አንስቶ፣ ተሸንፎ ሊያልቅለት ሲል እንዴት እንደተረፈ ዘርዝሮ ነገራት። እኔ ያልጠየቅኩት ይህንን ነበር። «አሸነፍክ?» የሚል ጥያቄ በአንድ ቃል ያልቃል፤ የእሷ ጥያቄ ግን እስከ እራት ሰዓት አስወራው።

እሁድ ከሰዓት ይቅርታ ጠይቄው አብረን ተቀመጥን። ጥቁሩን ያዝኩና እሱ ያደረገውን እየተከተልኩ አደረግኩ። ንግሥቴ የተበላችው በአምስተኛው እርምጃ ማግስት ነው። እናቴ ከአልጋዋ ሆና «አቻ እንኳ ቢሆንልህ!» አለችኝ።