የሰውነት ማጎልመሻ፥ እንደየዕድሜውና እንደየዐቅሙ

በጉራጌ አገር ሰውነትን ማሠራት አዲስ ነገር አይደለም። ወንዱ የእንሰቱን መሬት ሲቆፍር፥ ሴቷ እንሰት ስትፍቅ፥ ክንድና ወገብ ሥራ ፈትቶ አይውልም። በየመንደሩ መካከል የተዘረጋው ሰፊው የሣር ጎዳና ጀፎረም ልጆች የሚሯሯጡበት፥ ጎልማሶች ገና የሚጫወቱበት፥ ሽማግሌዎች የሚሰበሰቡበት ሜዳ ነው።

ወደ ወልቂጤና ወደ ቡታጅራ ገብቶ የቢሮ ሠራተኛ የሆነው ሰው ግን ጧት በባጃጅ ይሄዳል፤ ቀኑን በወንበር ላይ ይውላል። ስለዚህ ዱሮ በሥራው ያገኘውን እንቅስቃሴ ዛሬ አስቦ ሊፈልገው ግድ ሆኗል።

ይሁን እንጂ ለወጣቱ የሚስማማው ለአዛውንቱ አይስማማም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2013 ዓ.ም. ያወጣው መመሪያ ለልጆች በየቀኑ 60 ደቂቃ፥ ለዐዋቂዎች በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ፥ ለአረጋውያን ደግሞ ከመውደቅ የሚያድን ልምምድ በሳምንት 3 ቀን ይመክራል። አካል ጉዳተኞችንም አልዘነጋም። ሻምበል አበበ ቢቂላ በ1961 ዓ.ም. በመኪና አደጋ እግሮቻቸው ከሰለሉ በኋላ፥ በ1962 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር በስቶክ ማንደቪል የቀስት ውድድር መካፈላቸውን እናስታውሳለን።

እንግዲህ የሚያስፈልገን ሁለት ነገር ነው፤ ይኸውም የእያንዳንዱን ዕድሜና ጤንነት ጠይቆ መጠኑን የሚወስን ዐዋቂ አሠልጣኝና ለሁሉም ክፍት የሆነ ሜዳ ነው። አሠልጣኙን ትምህርት ቤት ያወጣዋል፤ ሜዳው ግን አንድ ጊዜ ቤት ከተሠራበት አይመለስም። ነገ የከተማ መሬት የምትመድቡ ወጣቶች ይህን እንድታስቡበት እናሳስባለን። አባቶች ለመንደሩ ጀፎረን ከተዉለት፥ እኛ ለከተማው ምን ልንተውለት ነው?