ለልጆቻችን መሀሉን እናሳያቸው

እ.ኤ.አ. በ2008 ማሬስ እና አኮስታ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች አሜሪካ ውስጥ የመዋዕለ ሕፃናት ልጆችን ሰብስበው አንድ የቴሌቪዥን ፕሮግራም እንዳሳዩ የሚገልጽ ጥናት አሳተሙ። ፕሮግራሙ «ክሊፎርድ» የተባለው ትልቅ ቀይ ውሻ የሚታይበት ካርቱን ነው። በታሪኩ ሦስት እግር ያለው ውሻ ይመጣል። መጀመሪያ ላይ ሌሎቹ ይፈሩታል፣ ይሸሹታል፤ በመጨረሻ ግን እንደ ጓደኛ ይቀበሉታል። አዘጋጆቹ ሊያስተምሩ የፈለጉት ከእኛ የሚለየውን ሰው ማግለል እንደማይገባ ነው። ልጆቹ ምን እንደተማሩ ሲጠየቁ ግን ብዙዎቹ ስለ ሰው ሳይሆን ስለ ውሻ ተናገሩ። ሦስት እግር ላለው ውሻ ደግ መሆን ይገባል አሉ።

ልጆቹ አልተሳሳቱም። የአራትና የአምስት ዓመት ልጅ ከታሪክ ውስጥ ምክሩን ለይቶ አያወጣም፤ ያየውን ድርጊት እንዳለ ይዞት ይሄዳል። ከሁለት ዓመት ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በ2006፣ ኦስትሮቭና ባልደረቦቹ ባሳተሙት ጥናት ደግሞ ትምህርታዊ የተባሉ ፕሮግራሞችን አዘውትረው የሚያዩ ሕፃናት ጓደኛን በማግለልና በማስኮረፍ ባሕርይ ከፍ ብለው ታይተዋል። ተመራማሪዎቹ ከሰጧቸው ማብራሪያዎች አንዱ ለማንኛችንም ግልጽ ነው። ፕሮግራሙ አብዛኛውን ሰዓት ጠብ አሳይቶ መጨረሻ ላይ ቶሎ ቢያስታርቅ፣ ልጁ ዘንድ የሚቀረው ጠቡ ነው።

ስለዚህ ዛሬ ለሕፃናት ፕሮግራም የሚጽፉትን፣ የሚያሰራጩትንና ቤት ውስጥ የሚከፍቱትን ሁሉ የምለምነው አንድ ነገር ነው። ለልጆቻችን መሀሉን እናሳያቸው። መሀል የምለው ችግሩ ከተፈጠረ በኋላ፣ ከመፈታቱም በፊት ያለውን ነው። አንዱ ሐሳብ ያመጣል፤ ይሞከራል፤ አይሳካም። ሌላው «እኔ ይህን ልያዝ፣ አንተ ያንን ያዝ» ይላል። እንደገና ይሞከራል። መተባበር ማለት ይህ ነው፤ ችግር መፍታትም ይኸው ነው።

ልጆቻችን «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ሲባል እየሰሙ ያድጋሉ። ድሩ እንዴት እንደሚያብር ግን የሚያሳያቸው የለም። በገጠር ያደገ ልጅ ደቦ ሲጠራ አብሮ ይወጣ ነበር። ማን እንደሚያጭድ፣ ማን እንደሚሸከም፣ ማን እንደሚከምር፣ ዝናብ ቢመጣ ሥራው እንዴት እንደሚሸጋሸግ በዓይኑ ያያል፤ እሱም ለሠራተኛው ውኃ በማመላለስ የራሱን ድርሻ ይወጣል። ዛሬ በኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ በሩ ተዘግቶበት የሚውለው ልጅ ይህን የሚያይበት ዕድል ጠባብ ነው። ቴሌቪዥኑ ግን ተከፍቶ ይውላል። ተከፍቶ የሚውል ከሆነ ደግሞ ይህን ክፍተት በመጠኑም ቢሆን ሊሞላ ይገባዋል።

ሊሞላ እንደሚችል የሚያሳይ አንድ ፕሮግራም ልጥቀስ። «ወንደር ፔትስ» እ.ኤ.አ. በ2006 በአሜሪካ ተጀመረ። ሦስቱ ባለታሪኮች በአንድ መማሪያ ክፍል የሚኖሩ ትንንሽ እንስሶች ናቸው፤ አንዷ ጊኒ ፒግ የምትባል አይጥ መሰል እንስሳ፣ አንዱ ኤሊ፣ አንዷ የዳክዬ ጫጩት። ተማሪዎቹ ወደ ቤት ሲሄዱ ከጣሳ የተሠራው ስልክ ይጮሃል፤ የሆነ ቦታ ችግር ላይ የወደቀ የእንስሳ ግልገል አለ። ሦስቱ ከመጫወቻዎቻቸው የሚበር ጀልባ ገጣጥመው ይወጣሉ። ሦስቱም ትንንሽ ናቸው፣ አስማትም የላቸውም፤ ኤሊው አይፈጥንም፣ ጫጩቷ በቅጡ አትበርም። የፕሮግራሙ ጥበብ ያለው እዚህ ላይ ነው። አንዳቸውም ብቻቸውን የማይችሉትን ሦስት ሆነው ሲችሉት ልጁ ያያል። መጀመሪያ የሞከሩት ሳይሳካ ሲቀር፣ ቆም ብለው ሲመካከሩ፣ ሌላ መንገድ ሲፈልጉም ያያል። የሚተባበሩበት ምክንያት ለትንሽ ልጅ በቀጥታ ይገባል። መጨረሻ ላይ ቀርቦ የሚመክር ትልቅ ሰውም አያስፈልግም።

ሁለተኛው ምሳሌዬ «ብሉስ ክሉስ» ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1996 የተጀመረ። አቅራቢው ለልጆቹ ጥያቄ ይጠይቅና ዝም ይላል፤ ዝምታው ለትልቅ ሰው እስኪሰለች ድረስ ይረዝማል። አዘጋጆቹ ግን ረቂቁን ለልጆች እያሳዩ፣ አንድ ልጅ አስቦ ለመመለስ ምን ያህል ጊዜ እንደሚፈልግ አይተው ነው ያንን ያደረጉት። ሲጀመር አንዱን ክፍል ሳምንቱን ሙሉ፣ በተከታታይ አምስት ቀን ያሳዩትም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1999 የታተመ ጥናት እንዳሳየው ልጆቹ ያንኑ ክፍል ደጋግመው ባዩ ቁጥር አልሰለቹም፤ ይልቁንም ጮክ ብለው መመለሳቸውና መሳተፋቸው ጨመረ፣ የገባቸውም ነገር በዛ። «ይኼን ልጅ አንድ ነገር ብቻ እያየ አስቸገረኝ» ለምትሉ እናቶችና አባቶች ይህ መልካም ዜና ነው። ትንሽ ልጅ መላልሶ የሚያየው ገና እየፈታው ስለሆነ ነው።

ወደ ሀገራችን ስንመጣ ባዶ ሜዳ ላይ አይደለንም። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም ከተጀመረ ጀምሮ ከ40 ዓመታት በላይ አባባ ተስፋዬ፣ ተስፋዬ ሣህሉ፣ የልጆችን ሰዓት ይዘው ኖረዋል። ቴሌቪዥን ያለው አንድ ቤት ለሰፈሩ ልጅ ሁሉ በሚበቃበት ዘመን፣ ስንቱ ልጅ በሰው ሳሎን ምንጣፍ ላይ ተደርድሮ ተረታቸውን ሰምቷል። ለልጅ ክብር መስጠትን፣ ልጅን እንደ ሰው ማናገርን ያስተማሩን እሳቸው ናቸው። ይህ ውለታ አይረሳም።

ከዚያም እ.ኤ.አ. በ2006 «ፀሐይ መማር ትወዳለች» መጣች። የመጀመሪያ ደረጃ መምህርት የነበረችው ብሩክታዊት ጥጋቡ ከባለቤቷ ጋር ሆና፣ ከካልሲ በተሠሩ አሻንጉሊቶች የጀመረችው ፕሮግራም ነው። ፀሐይ የምትባለው ትንሽ ቀጭኔ ትጠይቃለች፣ ትሞክራለች፣ ታውቃለች። ብሩክታዊት በዚህ ሥራዋ እ.ኤ.አ. በ2010 ከሮሌክስ ወጣት ተሸላሚዎች አንዷ ሆናለች። እኔን የሚያኮራኝ ግን ከሽልማቱ ይልቅ ሌላ ነው። አንድ የአማርኛ ተናጋሪ ልጅ፣ የራሱን ምግብ የሚበላ፣ የራሱን ቋንቋ የሚናገር ገጸ ባሕርይ ነገርን አስቦ ሲፈታ ማየት ችሏል። በትልቅ ስቱዲዮና በብዙ ገንዘብ ሳይሆን፣ ልጅን በሚያውቅ ሰው እጅ።

ከዚያ ወዲህ የልጆች ፕሮግራም በቁጥር በዝቷል። በቴሌቪዥንም በዩቲዩብም ፊደል፣ ቁጥር፣ ቀለም የሚያስቆጥር ሞልቷል። ይህ መልካም ነው። ነገር ግን ኦ ክፍል የገባ ልጅ ፊደሉን ከመምህሩ ያገኘዋል። ከጎኑ ካለው ልጅ ጋር አንዲት ክሬዮን እንዴት እንደሚጋራ፣ ተራ እንዴት እንደሚጠብቅ፣ የፈረሰ ነገር አብሮ እንዴት እንደሚሠራ ግን ማን ያሳየው? እቃቃ ሲጫወቱ እዩዋቸው፤ «አንቺ እናት ሁኚ፣ እኔ ሱቅ ልሂድ፣ እሱ ሕፃኑ ይሁን» ብለው ሥራ ይከፋፈላሉ፤ ይጣላሉ፤ ሕጉን ይቀይሩና ይቀጥላሉ። የፕሮግራም ጸሐፊ ከዚህ የበለጠ ምን ታሪክ ይፈልጋል? እቃቃውን ብቻ በደንብ ቢያሳየን ይበቃል።

ይህ ሁሉ ግን ያለ ትልቅ ሰው ግማሽ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የቴክሳስ ቴክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች «ዳንኤል ታይገር» የተባለውን ፕሮግራም ያዩ ሕፃናትን አጥንተው ነበር። ፕሮግራሙ የሌላውን ስሜት በመረዳት በኩል ጥቅም ያሳየው፣ ወላጆቻቸው ስለሚያዩት ነገር አዘውትረው በሚያወሯቸው ልጆች ላይ ነው። ቴሌቪዥን ብቻውን ልጅ አያሳድግም።

ይህን በእህቴ ቤት አይቼዋለሁ። የሦስት ዓመቱ ወንድ ልጅ ኳሱ ከቡፌው ሥር ገብታበት «እማዬ፣ ኳሴ!» እያለ ያለቅሳል። እህቴ ከወጥ ቤት ብቅ አለች፤ ጎንበስ ብላ ብታወጣት የአንድ ደቂቃ ሥራ ነበር። እሷ ግን የአምስት ዓመቷን ልጇን አየት አድርጋ «እነዚያ የምታዩአቸው እንስሶች ቢሆኑ ምን ያደርጉ ነበር?» አለቻት። ልጅቷ ትንሽ አሰበችና መጥረጊያ አመጣች። በመጀመሪያው ግፊያ ኳሷ ጭራሽ ወደ ግድግዳው ጥግ ሄደች። ወንድሟ ለቅሶውን ትቶ በሆዱ ተኛና ጉንጩን ወለሉ ላይ አስጠግቶ «ወደዚህ! ወደዚህ!» እያለ ይመራት ጀመር። እሱ ያያል፣ እሷ ትገፋለች። ኳሷ ከአንድ የጠፋ ካልሲ ጋር ወጣች። እህቴ ያዋለችው አንዲት ጥያቄ ብቻ ነው፤ በስክሪኑ ላይ የታየው ነገር ግን በዚያች ጥያቄ ወደ ቤቱ ወለል ወረደ።

መጠኑንም አንርሳ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ ከሁለት እስከ አራት ዓመት ላሉ ልጆች በቀን ከ1 ሰዓት ያልበለጠ፣ ቢቻል ከዚያም ያነሰ የስክሪን ጊዜ ይመክራል፤ ከዚያ በታች ላሉት ጨርሶ አይመክርም። ሰዓቱ ትንሽ ከሆነ፣ በዚያች ሰዓት የሚታየው ነገር መመረጥ አለበት ማለት ነው።

የጣቢያ ኃላፊዎች፣ ለልጆች የመደባችሁትን ሰዓት ከልደት ዘፈንና ከጥያቄና መልስ ውድድር አልፋችሁ ለታሪክ ስጡ። በየሳምንቱ አዲስ ማቅረብ ካልቻላችሁ ጥሩውን ደግማችሁ አሳዩ፤ ልጆቹ አይቀየሟችሁም። ጸሐፊዎች፣ ምክሩን ከመጨረሻው አንሱና ሙከራውን ከመሀል ጨምሩ፤ ረቂቁንም በመዋዕለ ሕፃናት ግቢ ለሚገኙ ጥቂት ልጆች አስቀድማችሁ አንብቡላቸው። ወላጆች፣ አያቶች፣ ታላላቅ እህትና ወንድሞች፣ ፕሮግራሙ ሲያልቅ «ምን ተማርክ?» ከማለት «እንዴት አድርገው ፈቱት?» በሉ። ነገ አብሮ መሥራት የሚያውቅ ዜጋ የምንፈልግ ከሆነ፣ አብሮ መሥራት ምን እንደሚመስል ዛሬ ማሳየት የእኛ ዕዳ ነው።