ጆሮ ዳባ ልበስ

ሞጣ ስንማር ከኋላ ዴስክ ብቻውን የሚቀመጥ ልጅ ነበረ። ጉልቤ ስለሆነ አይደለም። ቀኝ ጆሮው መግል ያወጣል፣ ይሸታል፣ እኛ ደግሞ አፍንጫችንን ይዘን እንስቃለን። መምህሩ ሲጠራው ዝም ይላል። “ደደብ” ይባላል። ስምንተኛ ክፍል ሳይደርስ ትምህርቱን ተወ። ልጁ ደደብ አልነበረም፤ አይሰማም ነበር። ይህቺን ቀላል ነገር ለመረዳት አሥር ዓመት ፈጀብኝ። ማን ነው ታዲያ ደደቡ?

ያ ጆሮ ያልገባበት ነገር የለም። ጤናዳም ተጨምቆበታል፣ ዘይት ተንቆርቁሮበታል፣ የጡት ወተት ታልቦበታል። ብርሃን አብርቶ ውስጡን ያየ ግን አልነበረም። የሁሉም መልስ አንድ ነበር፦ “ሲያድግ ይለቀዋል።”

አይለቀውም ወዳጄ! እጃችሁን ከጆሯችሁ ጀርባ አድርጉ። የምትዳስሱት ጉብ ያለ አጥንት ማስቶይድ ይባላል። ድፍን እንዳይመስላችሁ። ለጎጃም ሰው በሚገባ ቋንቋ ልንገራችሁ፤ ውስጡ እንደ ማር እንጀራ በትንንሽ ክፍሎች የተሞላ ነው። ክፍሎቹ አየር ይዘው ከመካከለኛው ጆሮ ጋር ይገናኛሉ። ታምቡር ተቀዶ ጆሮ ለወራት፣ ለዓመታት ሲመግል፣ መግሉ እዚያ ማር እንጀራ ውስጥ ይሰፍራል። አንዳንዴም ኮሌስቲያቶማ የሚባል ቦታውን የሳተ ቆዳ ውስጥ ገብቶ ያድግና አጥንቱን ይበላዋል። ከአጥንቱ በላይ ያለው ጎረቤት ደግሞ አንጎል ነው። በመካከላቸው ያለው ግድግዳ ስስ ነው። ግድግዳው ሲበሳ ማጅራት ገትር ይመጣል፣ አንጎል ውስጥ መግል ይቋጠራል። የፊት ነርቭ ከተነካ ፊት ይጣመማል።

ክፋቱ ደግሞ ብዙ ጊዜ አያምም። ድንገተኛው የጆሮ ሕመም ሕፃኑን ሌሊቱን ሙሉ ያስለቅሰውና ቤተሰቡን ይቀሰቅሳል። ሥር የሰደደው ግን ዝም ብሎ ይፈሳል። የማያመውን ማን ሐኪም ቤት ይወስዳል?

“ይሄ የድሃና የገጠር ጣጣ ነው” ለምትሉ ደግሞ፦ ኦስካር ዋይልድ በ1900 እ.ኤ.አ. ፓሪስ ውስጥ ሲሞት፣ ገዳዩ ከጆሮው የተነሳ ማጅራት ገትር እንደነበረ ብዙዎች ይስማማሉ። አባቱ ስመ ጥር የጆሮ ሐኪም ነበሩ! ያኔ ግን ፔኒሲሊን አልነበረም። እኛ ምን ምክንያት አለን?

የዓለም ጤና ድርጅት በ2004 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሪፖርት፣ በዓለም ላይ ጆሮው የሚመግል ሰው ከ65 እስከ 330 ሚሊዮን እንደሚደርስ፣ ከእነዚህም 60 በመቶው የመስማት ችግር እንዳለበት ገምቷል። መመሪያውም የተወሳሰበ አይደለም። መግሉ ሁለት ሳምንት ካለፈው ሥር ሰዷል ማለት ነው። ጆሮውን በተጠቀለለ ንጹሕ ጨርቅ በቀን ሦስት ጊዜ ማድረቅ፣ ከዚያ እንደ ሲፕሮፍሎክሳሲን ያለ የጆሮ ጠብታ ለሁለት ሳምንት። ከጆሮ ጀርባ አብጦ ሲነካ ካመመ ግን ነገ አይባልም፤ ያኔውኑ ወደ ሆስፒታል ነው።

አሁን ወደ ብቸናና ሞጣ እንመለስ። ሁለቱም ከተሞች ሆስፒታል አላቸው። አጥንቱ ከተበላ ግን የሚያስፈልገው የአንገት በላይ ሐኪም፣ ማይክሮስኮፕና አጥንት መሰርሰሪያ ነው። ይህ ደግሞ የትልልቅ ከተማ ሀብት ነው። ከሞጣ ባሕር ዳር 120 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በሰላሙ ቀን እንኳ ለገበሬ ቤተሰብ የትራንስፖርቱ፣ የአልጋው፣ የአስታማሚው ወጪ በሬ ያሸጣል። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ ባለው ጦርነት ደግሞ መንገዱ በተደጋጋሚ ሲዘጋ፣ “ሪፈር” ወረቀት ብቻ ሆኖ ቀረ።

“ሰው በጥይት እየሞተ ስለ ጆሮ ታወራለህ?” የሚለኝ አይጠፋም። አዎ፣ አወራለሁ! መንገዱ ሲዘጋ ነው እዚያው ጤና ጣቢያ ያለው ጠብታ ዋጋው የሚታወቀው። ጠብታ፣ ጨርቅና ጆሮ መመልከቻ መሣሪያ ሕንጻ መገንባት አይጠይቁም፤ ሪባንም አያስቆርጡም። ምናልባት የተረሱት ለዚህ ይሆናል።

ብቸና አጠገብ ዲማ ጊዮርጊስ አለ፤ የቅኔ አገር። ቅኔ ከመምህር አፍ በጆሮ የሚቀዳ ትምህርት ነው። በጆሮ በሚማር አገር ጆሮ እንዲህ ሲናቅ ማየት ምን ይባላል? ተማሪው ሲደነቁር የሚጠፋው አንድ ጆሮ ብቻ አይደለም።

“ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው” ይላል ያገሬ ሰው። ልክ ነው፤ ታማሚው ሽታውን ስለለመደው አይሰማውም። የሚሸተን እኛን ነው። እንግዲያው እናንተ መምህራን፣ ከኋላ ዴስክ ያለውን ልጅ ወደ ፊት አምጡትና ወላጆቹን ጥሩ። እናንተ የጤና ኃላፊዎች፣ በየጤና ጣቢያው ጠብታው መኖሩን ቁጠሩ። አንተ አዲስ አበባ ቁጭ ብለህ ይህን የምታነብ የሞጣ ልጅ፣ ዛሬ ማታ ስትደውል “የማን ጆሮ ነው የሚፈሰው?” ብለህ ጠይቅ።

እኔ ያኔ ስስቅ ነበር። ዛሬ ያ ሳቅ ያሳፍረኛል።

ቸር እንሰንብት።