የጎልማሳ ትምህርት በጎልማሳ ልክ ይሰፋ

በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ዩኒቨርሲቲዎች ሲዘጉ፥ በኢንተርኔት ማስተማር በችኮላ ተሞከረ። ከዚያ ወዲህ ሥራ ላይ ላሉ ጎልማሶችም በዚሁ መንገድ ኮርስ ይሰጥ ይባላል። ሐሳቡን እንደግፋለን። የምንቃወመው ለቀን ተማሪ የተዘጋጀውን ሌክቸር በካሜራ ቀርጾ «ኮርስ» ብሎ ማቅረብን ነው።

ለመሆኑ ጎልማሳው ተማሪ ማን ነው? ቀኑን ሲያስተምር የዋለ መምህር ነው፤ የሌሊት ተረኛ ነርስ ናት፤ ልጆቿን አስተኝታ ደብተሯን የምትገልጥ እናት ናት። መብራት በጠፋበት ማታ የሁለት ሰዓት ቪዲዮ ምን ያደርግላቸዋል? የሞባይል ካርዱስ ከማን ደመወዝ ይገዛል? ትምህርቱ አንድ ጊዜ ወርዶ በስልክ ላይ የሚቀመጥ፥ በሃያ ደቂቃ የሚያልቅ ይሁን። የቤት ሥራውም ከሥራቸው ይውጣ። አሥር ዓመት ያስተማረን ሰው ስለ ክፍል አያያዝ ትርጓሜ ሸምድድ ከማለት፥ ባለፈው ሳምንት በክፍሉ የሆነውን እንዲመረምር መጠየቅ ይሻላል።

የብሪታንያው ኦፕን ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1971 ማስተማር ሲጀምር የመግቢያ ማስረጃ አልጠየቀም። ትምህርቱ በቢ.ቢ.ሲ. ራዲዮና ቴሌቪዥን፥ ጽሑፉ በፖስታ ይደርስ ነበር። ከሁሉ በላይ ግን የተማሪውን ጽሑፍ አርሞ፥ አስተያየት ጽፎ የሚመልስ አስተማሪ ነበረ። እኛ አገር ገንዘቡ ሁሉ በካሜራና በኮምፒዩተር እንዳያልቅ፥ ለአራሚውም ምንም እንዳይተርፍ እንሠጋለን።

ስለዚህ ለአስተዳደሩ የምናቀርበው ጥያቄ አጭር ነው። አንድም ኮርስ ከመቀረጹ በፊት የማታ ተማሪዎች በስንት ሰዓትና በምን መሣሪያ እንደሚያጠኑ ይጠየቁ፤ የአራሚዎቹም አበል በበጀቱ ይያዝ።