ሴት የወለደች ሚስት ጥፋቷ ምንድን ነው?

“ሴት ብቻ እየወለድሽ...” ተብላ የምትወቀስ ሚስት በየሰፈራችን አለች። ፆታን የሚወስነው ግን የአባትየው ዘር ነው! እናት ኤክስ ብቻ ትሰጣለች፤ አባት ወይ ኤክስ ወይ ዋይ። ደሙ ኤ የሆነ አባትና ደሟ ቢ የሆነች እናት ኦ ልጅ ቢወልዱም “የማን ነው?” አያሰኝም፤ ሁለቱም ኦን ደብቀው ሊይዙ ይችላሉና። ይህ የሁለተኛ ደረጃ ባዮሎጂ ነው። ታዲያ ስንቱ ተማሪ ገብቶት ቤቱ ይዞት ይገባል? የመንደልን አተር ሸምድዶ፣ “ሦስት ለአንድ” ብሎ ጽፎ ይወጣል፤ በቃ!

በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍልን ፈተና ከወሰዱት ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 በመቶ ብቻ ነበሩ። 1,328 ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። ሚኒስቴሩ ኩረጃን ዘጋሁ አለ። ይዝጋ! የማስተማሩን በር ማን ይክፈት?

እኔ የምለው፣ ክረምት ክረምት ቤቱ የሚቀመጠው የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ለምን አያስተምርም? የክረምት በጎ ፈቃድ አለ ትሉኝ ይሆናል። አለ፤ ግን ለካሜራ የሚመቸው ችግኝ ነው። በንጉሡ ዘመን፣ በ1957 ዓ.ም. የተጀመረው የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ተማሪውን ለአንድ ዓመት ወደ ክፍለ ሀገር ይልክ ነበር፤ ብዙዎቹ የሄዱት ለማስተማር ነው። ለዘር ውርስ ደግሞ ቤተ ሙከራ እንኳ የግድ አይደለም። ሁለት የአንድ ብር ሳንቲም ደጋግሞ መወርወር ነው፤ ሁለቱም በአንበሳ የሚወድቁት ከአራት አንድ ጊዜ ገደማ ነው፤ የተደበቀው ባሕርይም የሚወጣው እንዲሁ ነው። ከሚኒስቴሩ የሚጠበቀው የትራንስፖርትና የምግብ ወጪ፣ የክፍሉም ቁልፍ ነው። ይኼም ይከብዳል?