የካርቶን ባቡር የሀብታም ጨዋታ አይደለም

ባለፈው ዓርብ ቡና ልትጠጣ የመጣች ጓደኛዬ ጠረጴዛዬን አይታ «ልጅ ሳትወልጂ መጫወቻ ገዛሽ?» አለችኝ። መጫወቻ አልገዛሁም፤ እየሠራሁ ነው። ርዝመቱ 120፣ ስፋቱ 40 ሳንቲ ሜትር በሆነ ጣውላ ላይ ሁለት የባቡር መስመሮችን በትንሹ እያነጠፍኩ ነው። አንዱ የድሬዳዋ ነው፣ ሌላው የሒጃዝ። በሰው ቤት የምትሠሩ እህቶቼ፣ እናንተም ብትሞክሩት ብዬ ነው ዛሬ የምጽፍላችሁ።

መልሳችሁን አውቀዋለሁ፤ «ለቤተሰብ የምልከው ሳይበቃኝ ምን ባቡር?» ትላላችሁ። በአስተርጓሚነቴ ከብዙዎቻችሁ ጎን ተቀምጫለሁ። ስለ ደመወዝ፣ ስለ ኢቃማ፣ ስለ ሕመም አስተርጉሜያለሁ። የአሠሪዋን ቤት ዕቃ፣ እስከ ትንሿ ማንኪያ ድረስ፣ የት እንዳለ በቃሏ የምታውቅ ሴት ለራሷ ብላ የሠራችው አንድም ነገር የላትም። ለራስ አንድ ሰዓት መውሰድ እናትና ልጅን መስረቅ የሚመስላቸው አሉ። እኔ በዚህ አልስማማም። የዕረፍት ቀናችሁ የእናንተ ነው፤ ከስልክና ከእንቅልፍ የተረፈውን ሰዓት እጃችሁ ለወደደው ብታውሉት ማንንም አልበደላችሁም።

እርግጥ በኤሌክትሪክ የሚሄደው ባቡር ውድ ነው። እሱን አትግዙ። የእኔም አይንቀሳቀስም፤ የገዛሁት ሐዲዱን ብቻ ነው።

ዋናው ነገር ልኩ ነው። በዓለም ላይ በብዛት የሚሠራበት ልክ ከ87 አንድ ነው፤ የእውነተኛውን ነገር ርዝመት ለ87 ታካፍላላችሁ። 10 ሜትር ፉርጎ 11 ሳንቲ ሜትር ተኩል ይሆናል፤ 1 ሜትር ከ60 የምትረዝም ሴት 18 ሚሊ ሜትር ገደማ ትሆናለች። ከጅቡቲ እስከ አዲስ አበባ የነበረው 784 ኪሎ ሜትር ግን በዚህ ልክ እንኳ 9 ኪሎ ሜትር ጠረጴዛ ይፈልጋል! ስለዚህ መምረጥ ግድ ነው። እኔ አንድ ጣቢያ መረጥኩ፤ ስሙ በአማርኛና በፈረንሳይኛ የተጻፈበትን የድሬዳዋን ጣቢያ ፊት።

ምኒልክ ለአልፍሬድ ኢልግ የባቡሩን ፈቃድ የሰጡት እ.ኤ.አ. በ1894 ነበር። ሐዲዱ የሐረርን ተራራ መውጣት ስላልቻለ ከታች በሜዳው አለፈ፤ በ1902 በደረሰበት ቦታ ድሬዳዋ ተቆረቆረች። አዲስ አበባ የገባው በ1917 ነው። የሒጃዙ መስመር ደግሞ በሱልጣን አብዱልሐሚድ ትእዛዝ በ1900 ተጀምሮ በ1908 ከደማስቆ መዲና ደረሰ፤ 1,300 ኪሎ ሜትር ገደማ። ሐጃጆች በግመል 40 ቀን ያህል ይሄዱት የነበረውን መንገድ ወደ ጥቂት ቀናት አሳጠረው። ብዙም ሳይቆይ የአንደኛው የዓለም ጦርነት መጣና ድልድዩና ሐዲዱ በፈንጂ ተመታ። ሳዑዲ ያላችሁ፣ ዕድሉ ከገጠማችሁ፣ የመዲናው ጣቢያ ዛሬ ሙዚየም ነው።

አንድ የገረመኝ ነገር ልንገራችሁ። በሁለቱ ሐዲዶች መካከል ያለው ስፋት በእኛው መስመር 1,000 ሚሊ ሜትር ነበር፣ በሒጃዙ 1,050። ለ87 ስታካፍሉት ሁለቱም ወደ 12 ሚሊ ሜትር ይጠጋሉ። አንድ ዓይነት ሐዲድ ለሁለቱም ሆነልኝ። ቃሉም ቢሆን የጋራ ነው፤ እኛ «ሐዲድ» የምንለው በዐረብኛ ብረት ማለት ነው። ዐረቦቹ ባቡሩን «ቂጣር» ይሉታል፤ ድሮ ተራ በተራ የሚሄዱ ግመሎችን ነበር የሚሉበት። (የተማርኩት ዐረብኛ ነውና እንዲህ ያለውን ካልተናገርኩ አይሆንልኝም።)

በጣውላዬ መሃል አንድ መዳፍ የሚያህል ሰማያዊ ቀብቻለሁ፤ ቀይ ባሕር ነው። ጓደኛዬ «ድልድይ ሥሪበትና ይገናኙ፣ ካርቶን አይደል?» አለችኝ። እምቢ አልኳት። ከእናንተ ብዙዎቹ በአውሮፕላን ብትመጡም በድሬዳዋ አድርገው፣ ከጅቡቲ በጀልባ ወደ የመን የተሻገሩ አሉ። እነሱ ባሕሩ ላይ ምንም ድልድይ እንደሌለ ያውቃሉ። አንዷ መጥታ ጣውላዬን ብታይ፣ እዚያ ላይ የውሸት ድልድይ እንድታገኝ አልፈልግም።

ለእናንተ ጣውላም አያስፈልግም፤ የጫማ ካርቶን ይበቃል። ክዳኑ ሲገጠም አልጋ ሥር ይገባል፣ አገር ስትገቡም ሻንጣ ውስጥ። የራሳችሁ ክፍል ከሌላችሁ ለማዳም ቀድማችሁ ንገሩ፤ ሳታውቅ ኮላና መቀስ ብታገኝ ሌላ ነገር ይመስላታል። የሚጣለውንም ካርቶን ጠይቃችሁ ውሰዱ።

ግድግዳው ከኮርንፍሌክስ ካርቶን ይቆረጣል። አሸዋውን በሻይ ማጥለያ ንፉት። ኮላውን በእኩል ውኃ አቅጥናችሁ አንድ ጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ጨምሩበት፤ ያኔ አሸዋው ውስጥ በደንብ ይሰርጋል። አሸዋው ሲደርቅ ለሐዲዱ ቡናማ የተቀባ፣ ያልተቀቀለ ስፓጌቲ ለጥፉበት። እርጥቡ ላይ እንዳታደርጉት፣ ይልፈሰፈሳል። ለክብሪት እንጨት ሌላ ሥራ አላችሁ፤ ከሐዲዱ ሥር የሚጋደመው እሱ ነው፣ ስለዚህ ከስፓጌቲው በፊት ይለጠፋል።

ለአፈሩ የቡና አተላ የሚያህል የለም፤ የድሬዳዋን ባይሆን የደጋውን አፈር ቁርጥ ነው። ግን በፀሐይ ሁለት ሦስት ቀን አድርቁት። እኔ ቸኩዬ እርጥቡን ለጥፌው በሳምንቱ ሻገተ፤ ከመዲና በኩል ያለውን ግማሹን ፍቄ አነሳሁት። የፊታችን ዓርብ እንደገና እጀምረዋለሁ፤ አተላው አሁን መስኮቱ ላይ ተሰጥቷል።