ፈተናው አለ፣ ልምምዱ የት አለ?

ከጎንደር ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ በምትገኘው እንፍራንዝ ብየዳ እንግዳ ሙያ አይደለም። በዚህች የጉዛራ ግንብ ጎረቤት በሆነች ትንሽ ከተማም ሆነ በማክሰኚት፣ በአዲስ ዘመንና በጎንደር በርና መስኮት፣ የአጥር በር፣ የጋሪ አካልና የውኃ መሳቢያ ሞተር መቀመጫ እየሠሩ እንጀራቸውን የሚበሉ ወጣቶች ጥቂት አይደሉም። ከእነዚህ አንዱ፣ አሥር ዓመት ሙሉ ቱቦላሬ ሲያያይዝ የኖረ ሰው፣ አንድ ተቋራጭ «የቧንቧ በያጆች እንፈልጋለን» ብሎ ያወጣውን ማስታወቂያ አንብቦ ለፈተና ቢቀርብ ምን ይገጥመዋል? እንዲሁ ከሄደ በግማሽ ቀን ወድቆ ይመለሳል።

ቀጣሪው «አገሩ ባለሙያ የለውም» ይላል። ተፈታኙ ደግሞ «ሥራው ቀድሞ ለዘመድ ተሰጥቷል» እያለ ወደ ቤቱ ይገባል። አንዳንዴ አንዱ ወይም ሌላው እውነት ሊኖረው ይችል ይሆናል። ዋናው ጉድለት ግን ሌላ ቦታ ነው። በበርና መስኮቱ ሥራና በቧንቧው ፈተና መካከል መኖር የነበረበት ልምምድ የለም፤ የሌለውም የልምምዱን ወጪ የሚሸፍን ወገን ስለታጣ ነው።

45 ዲግሪ ያዘነበለ ፈተና

የቧንቧ በያጅ የሚፈተንበት በዓለም የታወቀው አቀማመጥ «6ጂ» ይባላል። ሁለት የቧንቧ ቁራጮች ጫፍ ለጫፍ ተገጥመው 45 ዲግሪ አዘንብለው ይታሰራሉ። ቧንቧው አይዞርም፤ የሚዞረው በያጁ ነው። ከታች አንጋጦ፣ ከጎን ሽቅብ፣ ከላይ ወደ ታች እያየ አንዱን መገጣጠሚያ ይጨርሳል። ይህን ያለፈ ሰው ቧንቧን በማንኛውም አቀማመጥ መበየድ እንደሚችል ስለሚቆጠርለት፣ የኃይል ማመንጫም ሆነ የፋብሪካ ሥራ የያዙ ተቋራጮች ይመርጡታል።

ለፈተናው ከሚመረጡት ቧንቧዎች አንዱ ባለ 6 ኢንች ሲሆን የግድግዳው ውፍረት ወደ 11 ሚሊ ሜትር ይደርሳል። የበርና መስኮት ቱቦላሬ ግን ብዙውን ጊዜ ከ2 ሚሊ ሜትር አይበልጥም። በቧንቧው ላይ የሁለቱ ቁራጮች ጠርዝ በግራይንደር ተሞርዶ ይሰላል፤ በመካከላቸው 3 ሚሊ ሜትር ያህል ክፍተት ይተዋል። የመጀመሪያው የሥር ብየዳ በዚያ ክፍተት ገብቶ የቧንቧውን ውስጠኛ ጎን እኩል መያያዝ አለበት። የበር ብየዳ ከላይ አምሮ ከታየ በቂ ነው። የቧንቧ ብየዳ ግን ፍርዱ የሚሰጠው በማይታየው በኩል ነው።

በኤሌክትሮዱም በኩል ልዩነት አለ። በየሱቁ በብዛት የሚገኘውና ለቀጭን ብረት የሚመቸው ባለ 6013 ቁጥር ነው። በፈተናው ላይ ብዙ ጊዜ የሚታዘዘው ግን ለሥሩ 6010፣ ለመሙያውና ለላዩ 7018 ነው። 6010 በዲሲ ጅረት የሚሠራ በመሆኑ በተለመደው የኤሲ ማሽን ላይ እሳቱ ይቆራረጣል፤ ከርካሽ ኢንቨርተሮችም ብዙዎቹ በደንብ አይዙትም። 7018 ደግሞ እርጥበት ከገባው ብየዳው ውስጥ የአየር ቀዳዳ ይፈጥራል፤ በመሆኑም ፓኬቱ ከተከፈተ በኋላ በማሞቂያ ሣጥን ውስጥ መቀመጥ ይኖርበታል። እንግዲህ ከእንፍራንዝ የሄደው ሰው በፈተናው ቀን አዲስ ማሽን፣ አዲስ ኤሌክትሮድና አዲስ አቀማመጥ በአንድ ጊዜ ይገጥሙታል ማለት ነው። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» የተባለው እንዲህ ላለው ነው።

ሥራው ሲያልቅ ከመገጣጠሚያው አራት ቁራጮች ተቆርጠው ይታጠፋሉ፤ ሁለቱ በላይ በኩል፣ ሁለቱ በሥር በኩል። በታጠፈው ገጽ ላይ ከ3 ሚሊ ሜትር የበለጠ ስንጥቅ ወይም ቀዳዳ ከታየ ተፈታኙ ወደቀ። አንዳንዱ ቀጣሪ በማጠፍ ፈንታ በራጅ ያስመረምራል። በሁለቱም መንገድ ቢሆን ይሉኝታ የለም፤ ብረቱ ራሱ ይመሰክራል።

የልምምድ ዋጋ

ታዲያ ወጣቱ በራሱ ለምን አይለማመድም? የሚለው ጥያቄ ተገቢ ነው። መልሱ ያለው በሒሳቡ ውስጥ ነው። አንድ ባለ 6 ሜትር ቧንቧ በ15 ሴንቲ ሜትር ቢቆራረጥ 40 ያህል ቁራጭ ይወጣዋል፤ ይህም 20 መገጣጠሚያ ነው። የተበየደውን ቆርጦ አውጥቶ ጠርዙን እንደገና በመሞረድ ያንኑ ቁራጭ ሁለት ሦስት ጊዜ መጠቀም ይቻላል። በዚህ ዓይነት አንድ ቧንቧ ከ40 እስከ 60 ልምምድ ሊያስገኝ ይችላል። ለአንድ ሰው እጅ ማሰልጠኛ ይህ ጥሩ መነሻ ነው።

ይሁንና ቧንቧው፣ ኤሌክትሮዱ፣ የግራይንደሩ ዲስክና መብራቱ ተደምረው ከአንድ የገጠር ከተማ በያጅ ኪስ የሚወጡ አይደሉም። በዚያ ላይ የሚለማመድባት እያንዳንዷ ሰዓት በር ሠርቶ የሚያገኘውን ገቢ ታስቀርበታለች። ስለዚህ ብዙው ያገኘውን ያነሳል። በቀላሉ የሚገኘው ደግሞ ነጭ የውኃ ቧንቧ፣ ማለትም ዚንክ የተቀባው ነው። ይህ ለልምምድ የሚመከር አይደለም። ግድግዳው ቀጭን በመሆኑ የፈተናውን እጅ አያስተምርም፤ ዚንኩ ሲቃጠል የሚወጣው ነጭ ጢስም እንደ ወባ የሚያንቀጠቅጥ ትኩሳት ያመጣል። ገንዘብ ለመቆጠብ ሲባል ጤና ይከፈላል።

የልምምዱ አደራረግም ዋጋ አለው። መቶ መገጣጠሚያ በይዶ አንዱንም ሳይከፍት የቀረ ሰው ስህተቱን መቶ ጊዜ ደገመ እንጂ አልተለማመደም። ብልህ ተለማማጅ የሠራውን ቆርጦ የሥሩን ጎን ያያል፤ ከዚያም ቀጭን ቁራጭ አውጥቶ በሞርሳ አስሮ ያጥፋል። የተሰነጠቀው ከታች አንጋጦ የበየደው በኩል ከሆነ የሚቀጥለውን ሳምንት በዚያው ላይ ያሳልፋል። እንዲህ የሚያደርግ ሰው መዛኙ ሳያየው በፊት ራሱን መዝኗል።

«እኛ ትምህርት ቤት አይደለንም»

ቀጣሪዎች የሚያቀርቡት መከራከሪያ የታወቀ ነው። «እኛ ሥራ ልንሠራ እንጂ ልናስተምር አልመጣንም፤ ደግሞም ያሠለጠንነው ሰው ነገ ወደ ሌላ ድርጅት ወይም ወደ ዓረብ አገር ይሄዳል» ይላሉ። ስጋቱ መሠረት የለውም አይባልም። ነገር ግን የሌላው ወገን ሒሳብም መታየት አለበት። በራጅ የወደቀ መገጣጠሚያ ይቆረጣል፣ ይሞረዳል፣ እንደገና ይበየዳል፣ እንደገና ይመረመራል፤ እስከዚያ ድረስ የቧንቧ ገጣጣሚው፣ ክሬኑና ቀለም ቀቢው ቆመው ይጠብቃሉ። ከሩቅ የሚመጣ በያጅም ደመወዙ ብቻ ሳይሆን ጉዞው፣ ማደሪያውና አንዳንዴም የውጭ ምንዛሪው አለበት።

የብረታ ብረት ሥራ ሲጓተት አገር የምትከፍለውን ዋጋ የታላቁ ህዳሴ ግድብ ታሪክ አሳይቷል። የግድቡ የብረታ ብረትና ሃይድሮሜካኒካል ሥራ በ2010 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ከብረታ ብረትና ኢንጂነሪንግ ኮርፖሬሽን ተወስዶ ለሌሎች ተቋራጮች መሰጠቱ ይታወሳል። ግድቡ በ2003 ዓ.ም. ተጀምሮ የተመረቀው በጳጉሜን 2017 ዓ.ም. ነው። ለመዘግየቱ ምክንያቱ ብዙ ቢሆንም የብረታ ብረቱ ሥራ አንዱ ነበር።

ገበያው ደግሞ እየሰፋ እንጂ እየጠበበ የሚሄድ አይመስልም። በነሐሴ 2017 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ኢንቨስትመንት ሆልዲንግስና የናይጄሪያው ዳንጎቴ ግሩፕ በጎዴ በ2.5 ቢሊዮን ዶላር የማዳበሪያ ፋብሪካ ለመገንባት ተፈራርመዋል። በዓመት እስከ 3 ሚሊዮን ቶን ዩሪያ እንዲያመርት የታቀደው ይህ ፋብሪካ ጋዙን ከካሉብና ከሂላላ የሚቀበለው በቧንቧ ነው። ለመሆኑ ያንን ቧንቧ የሚበይደው ማነው? አሁን ልምምድ ያልጀመረ ወጣት ጨረታው ከወጣ በኋላ አይደርስም።

ምን ይደረግ?

የቴክኒክና ሙያ ትምህርትና ሥልጠና አዋጅ ቁጥር 954/2008 ማሠልጠኛዎችና ድርጅቶች ተባብረው እንዲያሠለጥኑ መንገድ ከፍቷል። የብቃት ምዘናም በየደረጃው ይካሄዳል። የቀረው በወረቀቱና በአውደ ጥናቱ መካከል ያለውን ክፍተት መሙላት ነው። ለዚህም ትልቅ በጀት የማይጠይቁ ሦስት ነገሮች አሉ።

አንደኛ፣ ቀጣሪዎች በማስታወቂያቸው ላይ የፈተናውን ዓይነት ይግለጹ። የቧንቧው ስፋትና ውፍረት፣ የኤሌክትሮዱ ቁጥር፣ አቀማመጡ በሦስት መስመር ይጻፋል። ይህ ምስጢር ማውጣት አይደለም፤ 6ጂን አስቀድሞ ማወቅ 6ጂን አያሳልፍም። ከእንፍራንዝ የሚነሳው ሰው ግን ገንዘቡን በምን ላይ እንደሚያውል ያውቃል። በክልሉ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ በተፈጠረው ግጭት መንገድ በሚዘጋበት ጊዜ በከንቱ የሚደረግ ጉዞ ኪሳራው የገንዘብ ብቻ እንዳልሆነም መዘንጋት አይገባም።

ሁለተኛ፣ የቧንቧ ቁርጥራጭ ወደ ቁራሌ ከመሄዱ በፊት በማሠልጠኛዎች በኩል ይለፍ። ለተቋራጩ 20 እና 30 ሴንቲ ሜትር ቁራጭ ውድቅዳቂ ብረት ነው፤ ለተለማማጁ ግን መማሪያ መጽሐፍ ነው። ተቋራጩ በብረት ዋጋ ቢሸጠውም የሚጎዳ የለም። ማሠልጠኛውም ዲሲ ማሽኑንና ማሞቂያ ሣጥኑን ቅዳሜና እሑድ በመጠነኛ ክፍያ ለውጭ በያጆች ቢከፍት፣ ያለ ሥራ የሚቆመው ዕቃ ገቢ ያስገኛል።

ሦስተኛ፣ የወደቀ ሰው ለምን እንደወደቀ ይነገረው፤ የታጠፈችው ቁራጭም ትሰጠው። ዓለም አቀፉ የብየዳ ደንብ እንኳ በወደቀበት ምትክ ሁለት መገጣጠሚያ ሠርቶ ሁለቱንም ያለፈን ሰው ይቀበላል፤ ተጨማሪ ሥልጠና ወስዶ ለተመለሰም በሩን አይዘጋም። ያው ደንብ በሌላ በኩል ጥብቅ ነው። ስድስት ወር ሙሉ በዚያ የብየዳ ዓይነት ያልሠራ በያጅ ቀድሞ ያለፈበት ፈተና ዋጋ ያጣል። ስለዚህ ልምምድ ለጀማሪው ብቻ ሳይሆን ወረቀቱን በኪሱ ለያዘውም አስፈላጊ ነው።

ወጪውን ማን ይክፈል ለሚለው መልሱ «ሁሉም ትንሽ ትንሽ» የሚል ነው። ተቋራጩ ቁርጥራጩን፣ ማሠልጠኛው ማሽኑንና ቦታውን፣ በያጁ ኤሌክትሮዱንና ጊዜውን ቢያዋጡ ማንም አይከስርም። አሁን ባለው አካሄድ ግን ሙሉውን ዕዳ የሚሸከመው ከሦስቱ አቅም የሌለው ወገን ነው። እርሱ ወድቆ ወደ በርና መስኮቱ ሲመለስ፣ ቀጣሪው ደግሞ ከሩቅ ሰው ለማስመጣት ስልኩን ያነሳል። ባለሙያ አጣሁ የሚል ድርጅት ያን ስልክ ከማንሳቱ በፊት ግቢው ውስጥ ተከምሮ የሚዝገውን የቧንቧ ቁርጥራጭ ቢያይ ይበጀዋል።